ሃቦኔ እና የአዴላ ፀጉር

ሃቦኔ ጭንቀታም ሴት ናት። ይህን ማለት ሐሜት አይሆንም፤ እሷ ራሷ ታምናለች። የፀጉር ቤቷን በር ቆልፋ መናኸሪያው ጋ ከደረሰች በኋላ መቆለፉን ለማየት ትመለሳለች። የፀጉር ማድረቂያውን፣ የካስኩን ገመድ ከሶኬት ነቅላ፣ ገመዱ እጇ ላይ እያለ «ነቅዬዋለሁ?» ብላ ትጠይቃለች። ደንበኛ አምስት ደቂቃ ከዘገየች «በቃ ሌላ ቤት ሄደች» ብላ በር ላይ ትወጣለች። እንዲህ ያለ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጭንቅላት ላይ እሳትና ኬሚካል ሲያሳርፍ መኖሩ ይገርማል። አንድም ሰው ሳታቃጥል የኖረችው ግን ምናልባት በዚሁ ጭንቀቷ ይሆናል።

የተወለደችው እጃጂ ነው። አምቦ የገባችው በሃያ ዓመቷ ሲሆን፣ መጀመሪያ በሰው ቤት ፀጉር አጠበች፣ ከዚያ ጠቀለለች፣ ከዚያ ሠራች። አግብታ ነበር፤ አልሆነም። በ2007 ዓ.ም. ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ሦስት ወንበርና ሁለት ካስክ ያላት የራሷን ቤት ስትከፍት፣ ከዚያች ቤት ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምትለው ነገር አልነበራትም። አሁንም የላትም።

ፊልሞቹ የመጡት በ2009 ነው። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ ከተማው ጭር ብሎ፣ ሴቶቹ ካስክ ሥር ተቀምጠው ያንኑ የዘፈን ክሊፕ አሥር ጊዜ ያዩ ነበር። ትንሳኤ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ የምታስተምረው ቴአትር ነው። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ «ሃቦኔ፣ በእናትሽ ይሄን ክፈችልኝ» አለች። ፍላሹ ላይ ከሰባ ዓመት በፊት የነበረች አዴላ ክሬስት የምትባል የሆሊውድ ተዋናይት ዘጠኝ ፊልሞች ነበሩ። ትንሳኤ ስለ እሷ ጥናት ትጽፍ ስለነበር ፊልሞቹን በተሠሩበት ዓመት ቅደም ተከተል አስቀምጣቸዋለች። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ናቸው።

ደንበኞቹ መጀመሪያ ሳቁ። «ቀለሙ የት ሄደ?» አሉ። ትንሳኤ እየተረጎመች አንዱን እስከ መጨረሻው ስታሳያቸው ግን ፀጉሯ ደርቆ ያለቀላት ሴት እንኳ አልነሳም አለች። ከዚያ በኋላ ተርጓሚዋ ሃቦኔ ሆነች። አንዴ የሰማችውን ይዛ ለአንዷ በአማርኛ፣ ለሌላዋ በኦሮምኛ፣ ከራሷም ጨው ጣል እያደረገች ትተርከዋለች። በሁለተኛው ዓመት አዴላ የጉደር ልጅ ትመስል ጀመር፤ «አዴላን ክፈችልን እስኪ» ነበር የሚባለው።

በመጀመሪያው ፊልም አዴላ የስልክ ቤት ሠራተኛ ናት፤ አራት ደቂቃ ታይታ ትጠፋለች። በሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ጓንት ትሸጣለች። ሦስተኛው የመርከቡ ፊልም ነው፤ ባሏን ፍለጋ ባሕር ተሻግራ፣ ከሌላ ሴት ጋር ደግሶ ሲያገባ ትደርሳለች። ስሟ ከሁሉም በላይ በትልቁ የተጻፈው ከዚያ ጀምሮ ነው። ከዚያ የዳኛ ሚስት ሆነች፣ ዘፋኝ ሆነች፣ ባሏ ሞቶባት ሆቴል የምታስተዳድር ሆነች። በዘጠነኛው ግን የሙሽራ እናት ሆና አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ መስኮት አጠገብ ትቆማለች። ሃቦኔ ይሄን መጀመሪያ ስታይ ተናደደች።

«ዋናዋ እሷ አልነበረችም እንዴ? ምን አድርጋቸው ነው ዳር ያስያዟት?»

«አርባ ሞላታ» አለች ትንሳኤ።

«እና?»

«በቃ። እዚያ አርባ ሲሞላሽ የሰው እናት ትሆኛለሽ።»

ሃቦኔ ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ሃቦኔን ሀብታም ባያደርጋትም ስም ያወጣላት የመርከቡ ፊልም ነው። አዴላ እዚያ ላይ ፀጉሯን ወደ አንድ ጎን አስተኝታ፣ ግራ ጆሮዋን ገልጣ፣ በትከሻዋ ላይ በሞገድ ትለቀዋለች። ሃቦኔ ፊልሙን እያቆመች፣ ወደ ኋላ እየመለሰች፣ የፀጉር መጠቅለያው ቢጎዲን በየት በኩል እንደተጠቀለለ ከጥላው ለየችው። ሪላክሰር ቀብታ፣ አለስልሳ፣ ጠቅልላ ሞገዱን በአንዲት የባኮ ሙሽራ ላይ አወጣችው። ከዚያ ወዲያ ከጊንጪም፣ ከእጃጂም፣ ከባኮም ሙሽራ «የአዴላን» እያለ ይመጣ ጀመር።

ፊልም ደጋግሞ ያየ ሰው ታሪኩን ያውቃል። ሃቦኔ ግን ፀጉሩን ነው የምታውቀው። በስድስተኛው ፊልም የአዴላ ግራ ጆሮ ግንድ ላይ ያለው ፀጉር ሳስቶ አየች። በሰባተኛው ደግሞ ግንባሯ ላይ ፀጉሩ የሚጀምርበት መስመር ልክ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ አለባት፤ ንፋስ ሲነፍስ ፀጉሩ በሙሉ አንድ ላይ ይነሳል፣ አንድ ላይ ይቀመጣል። ዊግ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ፊልሞች ሁሉ አዴላ የምትታየው ከቀኝ ጎኗ ብቻ ነው። ሃቦኔ ለማንም አልተነፈሰችም። የደንበኛ ጭንቅላት ላይ ያየችውን ለሌላ ደንበኛ ተናግራ አታውቅም፤ አዴላም ብትሆን ደንበኛዋ ናት። ትንሳኤን የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፀጉሯን የሚሠራላት ማነው? መጀመሪያ ላይ ከሚያልፈው ጽሑፍ ውስጥ አንብቢልኝ።»

ትንሳኤ ዘጠኙንም ከፍታ አየች። በዘጠኙም ያው አንድ ስም ነበር፤ ኤድና የምትባል ሴት። ከስልክ ቤቷ ልጅ እስከ ሙሽራዋ እናት ድረስ ያችው ኤድና ናት የሠራቻት። ሃቦኔ ይህን ስትሰማ አንጀቷን በላት። ያቺ ሴት እያወቀች አበጥራለች፣ እያወቀች ዝም ብላለች ብላ አሰበች። ከዚያ ጀምሮ በልቧ የሥራ ጓደኛዋ አደረገቻት።

እንግዲህ በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሃቦኔ የራሷን ፀጉር ስታበጥር ማበጠሪያው ይዞት መጣ። ትራስ ላይ ተገኘ፣ መታጠቢያው ላይ ተገኘ። ሰኔ ላይ ከግንባሯ ከፍ ብሎ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ቦታ ልሙጥ ሆነ፤ ነሐሴ ላይ ሦስት ሆኑ። ጉሎ ዘይት ቀባች፣ ቀይ ሽንኩርት ጨምቃ ቀባች፣ ጥቁር አዝሙድ ቀባች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ከኬሚካል የመጣ አይደለም፣ አይጋባም፣ ሰውነትሽ ራሱ ፀጉርሽን ጠላት አድርጎት ነው፤ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አላት። «ዋናው ነገር አትጨነቂ» አላት። ሃቦኔን!

ሻሽ ማሰር ጀመረች። ለጠየቃት ሁሉ ራሴን ያመኛል አለች። ግን ፀጉር ሠሪ ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ነው የምትቆመው፤ ደንበኛዋ ቀና ባለች ቁጥር የምታየው የእሷን ጭንቅላት ነው። ጎንበስ ስትል ሻሹ ይንሸራተትብኛል ብላ አንገቷ እስኪደርቅ ቀጥ ብላ ትሠራለች። በር በተከፈተ ቁጥር ሻሿን ትነካለች። የራሷን ፀጉር የጨረሰች ሴት የኛን ምን ልታደርገው ነው እንደሚባል ታውቃለች። አንድ ሰው አንዴ ቢናገር በቂ ነው፤ ስምንት ዓመት የለፋችበት ቤት በአንድ ሳምንት ይዘጋል።

በጥር ወር ለሰርግ ቀጠሮ ከያዙት ሙሽሮች አንዷ የጊንጪዋ ጂቱ ነበረች። ጂቱ በመስከረም ለቀለበቷ እዚሁ ተሠርታ ነበር። እናቷ አዴ ድንቅቱ፣ ማለት ወይዘሮ ድንቅቱ፣ ጊንጪ ላይ ጤፍ የምታከፋፍል፣ ድምፅዋ ከሚዛኑ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚሰማ ሴት ናት። በሰርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት እናትና ልጅ ከአምስት ሚዜዎች ጋር ሚኒባስ ተከራይተው ገቡ። ሚዜዎቹ ገና ከበሩ ጀምሮ በስልካቸው ይቀርጻሉ።

«አዴ ሃቦኔ፣ አከም ጂርታ? የመርከቡን ነው የምፈልገው» አለች ጂቱ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠች። «ግራ ጆሮዬ ይታይ። ጉትቻው ለሱ ነው የተገዛው።»

ሃቦኔ ፀጉሯን ፈታች። ለመከፋፈል ማበጠሪያዋን በግራ ጆሮዋ ኋላ ስታስገባ እጇ ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ ፀጉር የለም። አውራ ጣት የሚያህል፣ ክብ፣ ልሙጥ፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ የሚያበራ። ሃቦኔ ይህን ቦታ ከራሷ ጭንቅላት በደንብ ታውቀዋለች። ጂቱ ግን እንደማታውቅ ከፊቷ ያስታውቃል፤ በመስታወቱ ውስጥ ለሚዜዎቿ እየሳቀች ነው።

ሃቦኔ ብትናገር የልጅቷን ሰርግ ታበላሻለች። ባትናገርና ሪላክሰሩን ብትቀባው ያቃጥላታል። ሳትቀባ ዝም ብትል፣ ነገ ሲታይ «ሃቦኔ ነች ያደረገቻት» ይባላል። ቢነገርም ባይነገርም ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሷው ላይ ነው የሚወድቀው። ኤድና ዝም ብላለች፤ ግን ኤድና ዙሪያዋን አምስት ስልክ አልነበረባትም።

«ዛሬ ኬሚካል አያስፈልግሽም» አለች እንደምንም። «ፀጉርሽ ጥሩ ነው።»

«እንዴ! ያለ ሪላክሰር ይሄ ፀጉር መች ይተኛል?» አለች ጂቱ።

«አልቋል። ሳላስመጣ ቀረሁ።»

አንዷ ሚዜ ስልኳን ወደ መደርደሪያው አዞረች። «ይኸው አራት ቆርቆሮ አለ አይደል?» አለች ለመርዳት ብላ። ቤቱ ሳቀ። ውሸት የማትችል ሰው ስትዋሽ እንዲህ ነው፤ ዕቃው ራሷ ላይ ይመሰክርባታል።

አዴ ድንቅቱ ከአግዳሚ ወንበሩ ተነሳች። «ሦስት ወር ቀደም ብለን ነው የያዝነው። ከጊንጪ ድረስ ለቀልድ መሰለሽ የመጣነው?»

ሃቦኔ ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ልጅቷ ጆሮ አስጠጋች። «ጂቱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዳትደነግጪ» አለቻት በሹክሹክታ። «ከዚህ ጆሮሽ ኋላ ትንሽ ቦታ ላይ ፀጉር የለም። ኬሚካል ከነካው ያቆስልሻል። በዚህ በኩል ሸፍኜ እሠራሻለሁ፣ ማንም አያውቅም።»

የጂቱ እጅ በቀስታ ወደ ጆሮዋ ኋላ ሄደ። ጣቷ ቦታውን አገኘው። አንዴ ዳበሰችው፣ ደግማ ዳበሰችው፣ ከዚያ ጮኸች። ሚዜዎቹ ተነስተው ከበቧት። አዴ ድንቅቱ ሁሉንም ገፍትራ የልጇን ፀጉር ገለጠች፣ አየች፣ ፊቷም አመድ መሰለ።

«ኬሚካልሽ ነው!» አለች። «በመስከረም የቀባሻት ነው! ልጄን ጨረስሽብኝ!»

«አዴ ድንቅቱ፣ ይሄ የኬሚካል አይደለም፤ ኬሚካል ቢሆን ያቆስላል፣ ይሄ...»

ጂቱ ፊቷን በፎጣ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች። «በሰው ያልደረሰ ነገር በኔ ላይ» ትላለች። «ነገ ምን ብዬ ነው የምቆመው? ለምን እኔ ብቻ?»

ሃቦኔ ቀጥሎ ያደረገችውን ያደረገችው አስባበት አይደለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት ሌሊት ታስብበት ነበር። «አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለችና ሻሿን ከራሷ ላይ ሳበችው።

  ጂቱ ፎጣውን ዝቅ አድርጋ በመስታወቱ ውስጥ የሃቦኔን ጭንቅላት አየች። አዴ ድንቅቱም አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ድምፅዋ ከበፊቱ ብሶ ወጣ። «ያውላችሁ! የራሷንም ጨርሳዋለች! ይቺ ናት የሰው ልጅ የምታስውበው!»

 ስልኮቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረው ነበር።

«እማ፣ በቃ» አለች ጂቱ። አፍንጫዋን ጠረገች። «አዴ ሃቦኔ፣ ሥሪኝ።»

ሻሿን መልሳ አላሰረችም፤ ለማን ብላ? በውኃ፣ በቢጎዲንና በፀጉር ማስያዣ ሽቦ ብቻ፣ ያለ ኬሚካል፣ አራት ሰዓት ሙሉ ሠራች። ሞገዱን ገለበጠችው፤ ግራው ተሸፍኖ ቀኝ ጆሮ ተገለጠ።  ጂቱ አምራ ወጣች። አዴ ድንቅቱ አላመሰገነችም፣ ደህና ዋይ አላለችም፤ ፊቷን አዙራ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

ቪዲዮው አሥራ ሰባት ሰከንድ ነው። ሻሹ ሲወልቅ፣ ጭንቅላቱ ሲታይ፣ «የራሷንም ጨርሳዋለች» የሚለው ድምፅ ሲሰማ። ማን እንደለቀቀው አልታወቀም። እሁድ ማታ ጊንጪ ተሰማ፣ ሰኞ ጠዋት እህቷ ከእጃጂ ደውላ አለቀሰች፣ ሰኞ ከሰዓት የባኮ ሙሽራ ቀጠሮዋን ሰረዘች። ማክሰኞ የምትረዳት ልጅ ሃዊ «እናቴ ሌላ ቦታ ሥሪ አለችኝ» ብላ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች፤ ሃቦኔ የልጅቷን ማበጠሪያዎች ራሷ ጠቅልላ ሰጠቻት። ትንሳኤ መጥታ አብራት ተቀመጠች፤ «ያልፋል» አለች። ሃቦኔ አላመነቻትም። ሌላ ሰው አልገባም። ወንበሮቹን ጠረገች፣ መልሳ ጠረገች፣ ፎጣዎቹን አጥፋ ዘርግታ እንደገና አጠፈች። የፈራችው ሁሉ አንድ ሳይቀር ሲደርስባት፣ የሚገርመው ነገር፣ ጭንቀቷ አልቀነሰም።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ በሩ ፊት ባጃጅ ቆመ። የወረደችው አዴ ድንቅቱ ናት።

ሃቦኔ በመስኮቱ አየቻት። ክስ ነው ብላ አሰበች። ፖሊስ ከኋላ እየመጣ ነው፣ ወረቀት ይዛለች፣ ልጅቷ አንድ ነገር ሆናለች። መልሱ ትናንት ስለነበር ባልየው ጭንቅላቷን አይቶ ልጅቷን መልሷታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያሰበችው አዴ ድንቅቱ ከባጃጁ እስከ በሩ ስድስት እርምጃ እስክትራመድ ነው።

«ሌላ ሰው አለ?» አለች አዴ ድንቅቱ።

«ማን ይምጣ ብለሽ?»

«በሩን ቆልፊው። መጋረጃውንም።»

ሃቦኔ ቆለፈች። አዴ ድንቅቱ አግዳሚው ላይ አልተቀመጠችም፤ ልጇ ተቀምጣበት የነበረው ወንበር ላይ፣ መስታወቱ ፊት ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች። ከሥሩ ሌላ ጥቁር ጨርቅ ነበር። እሱንም ፈታች።

ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ጥቂት ሽበት ቀርቷል። ከዚያ ውጪ ምንም የለም፤ ልሙጥ ነው፣ ያበራል።

«ጂቱን በወለድኩ በዓመቱ ጀመረኝ» አለች። ያ ትልቅ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፤ አሁን የሚሰማው በግድ ነው። «ሃያ አራት ዓመት። ባሌ ሳያየው ነው የሞተው። ልጄ አታውቅም። ቅዳሜ ያንቺን ስትገልጪ የኔን የገለጥሽው መሰለኝ። ከኔ እንደመጣባት እያወቅሁ ነው አንቺ ላይ የጮህኩት።»

ሃቦኔ ተናደደች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተናዳ አታውቅም። «አራት ቀን ሰው አልገባም» አለች። «ቤቴን ዘጋሽብኝ።»

«አውቃለሁ። ምን ላድርግልሽ? ነገ ገበያ ነው፤ ጊንጪ ገበያ መሐል ቆሜ ልናገር? እንዲህ ራሴን ገልጬ ልናገር? በይኝ፣ አደርገዋለሁ።»

አዎ ማለት ነበረባት። ቤቷን የሚያድነው ያ ብቻ ነበር፤ አራት ቀን ሙሉ ስትጸልይበት የነበረውም እሱ ነው። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጂቱ እንዴት ናት?» አለች በምትኩ።

አዴ ድንቅቱ አቀረቀረች። «ባሏ ምንም አላለም፣ ደግ ልጅ ነው። እሷ ግን ታለቅሳለች። ሃቦኔ አይደለችም፣ እግዜር ነው የቀጣኝ ትላለች። ምን እንዳጠፋች ስታስብ ነው የምታድረው። ትናንት በመልሱ ላይ ሳይቀር፣ እማ ምን አጥፍቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

አዴ ድንቅቱ ጥቁሩን ጨርቅ ጭኗ ላይ አጠፈችው። ሃቦኔ ከጠረጴዛው ላይ የሴትዮዋን ስልክ አነሳችና እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ገበያውን ተይው» አለች። «ለእሷ ደውለሽ ይሄንኑ ንገሪያት።»

የአዴ ድንቅቱ ጣቶች ቁልፉን ማግኘት አቃታቸው። ሃቦኔ ስልኩን ተቀብላ ስሙን ፈልጋ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ መለሰችላት። ሁለት ጊዜ ጠራ።

«አቤት እማ?»

አዴ ድንቅቱ በመስታወቱ ውስጥ ሃቦኔን አየቻት፤ ሃቦኔ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገችላት።

«እማ? ማል ተኤ? ምን ሆንሽ?»

«ጂቱ» አለች አዴ ድንቅቱ። «ብቻሽን ነሽ?»